ዘግይቶ መዝራትና ሙቀት በፎገራ የመስኖ ስንዴ ላይ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት ሰፊ ቦታ ነው። በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ዋናው ሰብል ሩዝ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሩዙ ከተነሳ በኋላ በበጋ መስኖ ስንዴ ይዘራል። ታዲያ ስንዴው ዘግይቶ ሲዘራ ምርቱ የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ የመዘግየቱን ምክንያት እንመልከት። ሩዝ የሚታጨደው በኅዳር ገደማ ነው። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ እርጥብ ሳለ ለማረስ ያስቸግራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጠነክራል። ሩዙ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይወቃል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ታኅሣሥ ያልቃል። በወረታ ዙሪያ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት «ልጄ፣ ሩዙ ሳይነሳ ስንዴውን የት ልዝራው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሆኖም ስንዴው በ2 ወር ገደማ ዛላ ያወጣል ብንል፣ በኅዳር መጨረሻ የተዘራው ፍሬ የሚሞላው በየካቲት ነው። በጥር አጋማሽ የተዘራው ግን ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ይሆናል። እነዚህ የአካባቢው ሞቃት ወራት ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል።

ሙቀት ስንዴን በሦስት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ዕድገቱን ስለሚያፋጥነው በቂ ሳያቆጠቁጥ ዛላ ያወጣል። ሁለተኛ፣ በአበባ ጊዜ ከበረታ የወንዴ ዘሩን ያመክነዋል፤ ዛላው ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቅና የፍሬ መሙያው ጊዜ ያጥራል።

ሦስተኛውን በቀላል ስሌት እንየው። ሰብሉ ዛላ ካወጣ እስኪበስል የየቀኑ አማካይ ሙቀት ድምር 720 ዲግሪ ይፈልጋል እንበል። አማካዩ 18 ዲግሪ ከሆነ 40 ቀን ያገኛል፤ 22.5 ከሆነ ግን 32 ቀን ብቻ። አንዱ ፍሬ በቀን 1 ሚሊግራም ቢጨምር፣ 40 ሚሊግራም የነበረው 32 ይሆናል ማለት ነው። በሙቀት ጊዜ የቀኑ ዕድገት ትንሽ ቢፈጥንም የጠፉትን 8 ቀናት አይተካም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናትም ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዓለም የስንዴ ምርት በ6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ገምቷል።

ብዙ ሰው «ውሃና ማዳበሪያ ብጨምርበትስ?» ይላል። ውሃ በፍሬ መሙያ ጊዜ ሳይቋረጥ ከተሰጠ ቅጠሉን ያቀዘቅዛል፤ ይጠቅማል። ያለፈውን ቀን ግን አይመልስም። ዘግይቶ ማዳበሪያና የፓምፕ ነዳጅ መጨመር ወጪውን ሊያበዛ ይችላል። የበልግ ዝናብ ከደረሰበት ደግሞ የደረሰው ፍሬ በዛላው ላይ ይበቅላል።

ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ከሩዙ ነው እላለሁ። ስንዴ በሚከተልበት ማሳ ላይ ቶሎ የሚደርስ የሩዝ ዝርያ መዝራት፣ ውሃውን ቀድሞ ማጠንፈፍ፣ የታጨደውን ሩዝ ከማሳው ውጭ መከመር ቀናትን ያተርፋል። መዘግየት ግድ ከሆነ ቶሎ የሚደርስ የስንዴ ዝርያ መርጦ የዘሩን መጠን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ቁጥቋጦው ስለሚያንስ። ጥር ከተጋመሰ ግን ስንዴውን ትቶ ሌላ የመስኖ ሰብል ማሰብ ሳይሻል አይቀርም። ገበሬውን «ለምን ዘገየህ?» ከማለታችን በፊት ሩዙ መቼ እንደተነሳ እንጠይቅ።