በርናባስ ሁለት ጊዜ ሄደ
ከወኅኒ ቤት ወጥተው ኮሌጅ የሚገቡትን ስለ መርዳት የቀረበ ጥናት

የጥናቱ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 9፥26-27 እና 11፥25-26

ይህን ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት ከላይ የተመለከቱትን ሁለት ክፍሎች አንድ ላይ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰብከው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሳውል ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ አማኞቹ ሸሹት። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከመካከላቸው ስንቱን አሳስሮ ነበርና። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ፥ ታሪኩንም አስረዳለት። በእኛ አነጋገር ዋስ ሆነው ማለት ነው። ሁለተኛው ክፍል ከዓመታት በኋላ የሆነውን ይነግረናል። ሳውል በጠርሴስ ነበረ፤ በርናባስ እስኪመጣ አልጠበቀውም፤ ራሱ ተነሥቶ ፍለጋ ወጣ፥ አግኝቶም ይዞት ተመለሰ፥ ለአንድ ዓመት ያህልም ጎን ለጎን ሆነው አስተማሩ።

እኔና የማገለግልባት ጉባኤ የመጀመሪያውን ፈጸምን፥ ሁለተኛውን ግን ተውነው። ይህ ጥናት የተጻፈው ከዚያ ስሕተት ተነሥቶ ነው።

የማገለግለው በካሊፎርኒያ፥ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከሚገኙት የአማርኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናት በአንዲቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናታችን ከእሑድ አምልኮ በኋላ ጠጋ ብለው፥ ልጃቸው ከወኅኒ ቤት ሊወጣ መሆኑን በዝግታ ነገሩኝ። ልጁ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረ፤ በ19 ዓመቱ ታሰረ፤ ሲለቀቅ 33 ዓመት ሆኖታል። እኚህ እናት ያን ሁሉ ዘመን «ልጄ ሌላ ስቴት ነው የሚሠራው» እያሉ ነበር የኖሩት።

ልጁ ወጣ፤ «ኮሌጅ መግባት እፈልጋለሁ» አለ። ጉባኤው እጅግ ደስ አለው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፥ ገንዘብ ተዋጣ፥ ላፕቶፕ ተገዛ። የመንግሥቱን የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ እኔ ራሴ ሞላሁለት፥ ርዳታውም ተፈቀደ። በአንድ እሑድ መድረክ ላይ አቁመን ጸለይንለት፥ ተጨበጨበለትም። በማግስቱ በአካባቢያችን በሚገኝ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አራት ኮርስ ይዞ ትምህርቱን ጀመረ። በሰባተኛው ሳምንት አቆመ። እኛ ግን ያወቅነው ለገና ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፥ ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ?» አለኝ።

ነገሩን ቀስ ብዬ ስጠይቀው አንድም ትልቅ ምክንያት አላገኘሁም። ትንንሾቹ ነበሩ የተደራረቡት። የቤት ሥራው ሁሉ የሚሰጠውም የሚመለሰውም በኢንተርኔት ነው፤ እሱ ግን በዐሥራ አራቱ ዓመት ውስጥ ኢንተርኔት ነክቶ አያውቅም። የይለፍ ቃሉ በመጀመሪያው ሳምንት ተቆለፈበት፤ የ19 ዓመት ልጆች ፊት «አላውቅም» ማለት አፈረ። የተለቀቀው በአመክሮ፥ እዚህ ፓሮል በሚሉት፥ ስለ ነበረ ረቡዕ ረቡዕ መገኘት ያለበት ፕሮግራም ተመደበለት፤ ሰዓቱም ከእንግሊዝኛው ክፍል ጋር ተጋጨ። ሰዓቱ ይለወጥልኝ ቢል እምቢተኛ የሚባል መሰለው። በአንዱ ክፍል ደግሞ መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ ተነሥቶ ስሙንና ያለፉትን ዓመታት ምን ሲሠራ እንደ ቆየ እንዲናገር ጠየቀ። እሱም «ሌላ ስቴት ስሠራ ነበር» አለ። ወደዚያ ክፍል ሁለተኛ አልተመለሰም።

እንግዲህ በዝምታ መቅረቱ ያስከተለውን ልብ በሉ፤ አብዛኞቻችን ይህን አናውቅምና። በአሜሪካ የፌዴራል ርዳታ ተቀብሎ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ያቋረጠ ተማሪ፥ ከርዳታው ያልተማረበት ክፍል እንዲመለስ ይደረጋል፤ ኮሌጁም ለመንግሥት የመለሰውን ከተማሪው ይጠይቃል። ስለዚህ ወንድማችን የኮሌጁ ባለዕዳ ሆነ፥ ምዝገባውም ታገደ። ኮርሶቹን በሥርዓት ስላልሰረዘ በሁሉም ወደቀ። ርዳታ የሚቀበል ተማሪ ደግሞ አጥጋቢ እድገት ማሳየት አለበት፤ በብዙ ኮሌጆች አማካይ ውጤቱ ከ2.0 እንዳይወርድ፥ ከተመዘገበበትም ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንዲጨርስ ይጠየቃል። በአንድ ሴሚስተር ሁለቱም ተበላሹበት። ያለ እኛ «ርዳታ» ቢጀምር ኖሮ ምናልባት ሁለት ኮርስ ብቻ ይዞ ይገባ ነበር፤ አራት እንዲይዝ የገፋፋሁት እኔ ነኝ። ቶሎ እንዲጨርስ ፈልጌ ነበር።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልናገር። የምጽፈው የአሜሪካን ሕግ ስለሆነ በሌላ አገር የምታገለግሉ የአገራችሁን ጠይቁ፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፔል የተባለው ለድኻ ተማሪዎች የሚሰጥ የመንግሥት ርዳታ እንደ ብድር አይመለስም፤ በ2024-25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። በ1994 የወጣው የወንጀል ሕግ በወኅኒ ቤት ውስጥ ላሉት ይህን ርዳታ ከለከለ፤ ብዙዎቹ የወኅኒ ቤት የኮሌጅ ፕሮግራሞችም ተዘጉ። በ2015 ለሙከራ ተመለሰ፤ በ2020 መጨረሻ ምክር ቤቱ ክልከላውን የሚያነሣ ሕግ አወጣ፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ከወኅኒ ቤት ለወጡት፥ በአመክሮ ላይ ላሉትም ቢሆን፥ ርዳታው በዚህ ሕግ ተከልክሎ አያውቅም፤ እነርሱ ግን በብዛት የተከለከለ ይመስላቸዋል። በማመልከቻው ላይ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጥፋት ይጠየቅ የነበረውም ጥያቄ ዛሬ የለም። የሚያግደው ሌላ ነገር ነው፦ ከመታሰሩ በፊት ወስዶ ሳይከፍል የቀረ የትምህርት ብድር። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የመግቢያ ማመልከቻዎችም ተሻሽለዋል። በ2017 ሉዊዚያና የመንግሥት ኮሌጆች አመልካችን ስለ ወንጀል መዝገቡ እንዳይጠይቁ በመከልከል ከክፍላተ አገሩ ሁሉ ቀደመች፤ ካሊፎርኒያም በ2020 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። እንግዲህ በሩ ከቀድሞው ይልቅ ተከፍቷል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2013 ባወጣው ጥናት፥ በእስር ላይ ሳሉ የተማሩ ሰዎች ካልተማሩት ይልቅ ተመልሰው የመታሰራቸው መጠን በ13 መቶኛ ነጥብ ያህል አንሶ ተገኝቷል። አስቀድሞ ቁርጥ ሐሳብ ያደረገ ሰው ነው የሚማረው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እውነትነት አለው። ቢሆንም ቁርጥ ሐሳብ የነበረው ወንድማችን በሰባት ሳምንት ሲወድቅ አይቻለሁና፥ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ እመሰክራለሁ።

ስሕተታችን ከገባን በኋላ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን ፈለግን። ሩቅ መሄድም አላስፈለገንም። ጆን አርዊን የተባለ ሰው በ1950ዎቹ በዝርፊያ ተፈርዶበት በዚሁ በካሊፎርኒያ በሶሌዳድ ወኅኒ ቤት አምስት ዓመት ታስሮ ነበር። የኮሌጅ ትምህርት በወኅኒ ቤት ሳለ ጀመረ፥ ወጥቶ ቀጠለ፥ በበርክሌይ ዶክትሬቱን አገኘ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲም የሶሲዮሎጂ መምህር ሆነ። በ1967 ደግሞ ከወኅኒ ቤት የሚወጡትን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያስገባና የሚከታተል ፕሮጀክት ሪባውንድ የተባለ አገልግሎት አቋቋመ፤ ስሙም ወድቆ ተመልሶ መነሣትን ያመለክታል። አርዊን በ2010 ዐረፈ፤ ሥራው ግን ከ2016 ወዲህ ወደ ሌሎች የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተስፋፍቷል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ራይዚንግ ስኮላርስ የሚባሉ ተመሳሳይ አገልግሎቶች አሉ። በእነዚህ ቢሮዎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ታስረው የነበሩ ናቸው። ወንድማችን እንዲህ ካለ አንድ ሰው ጋር ለግማሽ ሰዓት ተነጋግሮ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየሁትን እኔ በአንድ ዓመት ጸሎትና ምክር ላመጣው አልቻልኩም። «የት ነበርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን የመለሰው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ጉባኤ ይህን ሥራ ብቻዋን አትጀምር። ሰውዬው ከመመዝገቡ በፊት በኮሌጁ እንዲህ ያለ ቢሮ እንዳለ ጠይቁ፤ ካለም አብራችሁት ሂዱ። ቢሮው የማይችለውን ደግሞ ጉባኤ ትችላለች፦ ጸጥ ያለ ክፍል፥ ኢንተርኔት፥ የአውቶቡስ ገንዘብ፥ ልጅ የሚጠብቅ ሰው። የትምህርቱን ፕሮግራም በደብዳቤ አድርጎ ለአመክሮ ተቆጣጣሪው ማቅረብም ቀላል ሥራ ነው፤ እኛ በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ስናደርግ የረቡዑ ፕሮግራም ያለ ክርክር ወደ ዓርብ ተዛወረ። ስንፈራው የነበረው ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነበር የፈለገው።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፥ የልደት ምስክር ወረቀት፥ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፥ መታወቂያ፥ በእስር ላይ የተማረበት ማስረጃ ሁሉ ከምዝገባው ወራት አስቀድሞ መፈለግ አለባቸው። በውስጥ የተወሰደ ኮርስ ሁሉ በውጭ አይቆጠርም። በሉዊዚያና በአንጎላ ወኅኒ ቤት የኒው ኦርሊንስ ባፕቲስት ሴሚናሪ ከ1995 ጀምሮ እሥረኞችን በዲግሪ ደረጃ አስተምሯል፤ በሌላ ስፍራ ግን የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነኝና፥ «ይህን ክሬዲት አንቀበልም» ሲባል እንዴት እንደሚያም ዐውቀዋለሁ። የትምህርት ዘርፉ ከመመረጡ በፊትም ሥራው የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቅ እንደ ሆነ አጣሩ። ነርስ ለመሆን ሁለት ዓመት ከደከሙ በኋላ ሆስፒታሉ መዝገብ አይቶ ለልምምድ አልቀበልም ቢል፥ ያ ሁለተኛ እስራት ነው።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። ዜግነት ያልወሰደ ሰው፥ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፥ በአንዳንድ ጥፋቶች ምክንያት ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ እንኳ ከአገር ሊባረር ይችላል። ስለዚህ ለመንግሥት ማናቸውንም የዜግነት ወይም የእድሳት ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ለዚህ ምክር የሚሆነውን ገንዘብ ከላፕቶፑ አስቀድሙ።

በሽማግሌዎች ስብሰባ የተነሣውንም ጥያቄ አልሸሽግም። አንዲት አረጋዊት እናት «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የእኛ ልጆች ምንም ሳያጠፉ በብድር ሲማሩ ለእሱ የምናዋጣው ስለ ምንድር ነው?» አሉ። የእርሳቸው ወንድም በዘራፊዎች የተገደለ ነበርና ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም ያን ዕለት የተናገርሁት ትክክል አልነበረም፤ ስለ ምሕረት ሰበክሁላቸው። መናገር የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው። በዚህ አገር በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ከወኅኒ ቤት ይወጣሉ። ወጥተውም የሚኖሩት በእኛው ሰፈር ነው፤ ሥራና ዕውቀት ይዘው ይኑሩ ወይስ ባዶ እጃቸውን? የተጎዳው ሰው ሐዘን ግን በዚህ መልስ አይሽርም፤ ሽማግሌዎች ለእኚህም እናት ቤታቸው ሄደው መቀመጥ ነበረባቸው። ኋላ ሄድን።

ወንድማችን በሁለተኛው ዓመት እንደገና ተመዘገበ። በኮሌጁ የነበረበትን ዕዳ ጉባኤው ከፈለለት፤ ከላፕቶፑ ዋጋ ያነሰ ነበር። የርዳታው ቢሮም የሆነውን ሁሉ ጽፎ ስላመለከተ ጉዳዩን ተቀብሎ በሙከራ መለሰው። መድረክ ላይ አላወጣነውም። ሁለት ኮርስ ብቻ ያዘ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ አብረን እንቀመጣለን፤ እሱ ሒሳቡን፥ እኔ የፕሮጀክት ሪፖርቴን። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ቀረ። እኔም መኪናዬን አስነሥቼ ወደ እናቱ ቤት ሄድሁ፤ በፈተናው 41 አግኝቶ መብራት አጥፍቶ ተቀምጦ ነበር። እናቱ ሻይ አፈሉልን፥ እኛም በምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈተናውን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምረን ሠራነው። አሁን ሦስተኛ ሴሚስተሩ ላይ ነው። ሒሳቡን አልፏል፤ እንግሊዝኛው ገና ያስቸግረዋል።

በቡድን ስትነጋገሩ ሁለቱን ክፍሎች እንደገና አንብቡና በርናባስ ወደ ጠርሴስ ሲሄድ በአንጾኪያ የተወውን ሥራ አስቡ። በጉባኤያችሁ ልጁ «ሌላ ስቴት» ያለ እናት ወይም አባት አለ ወይ? ይህን በአደባባይ ሳይጠየቅ የሚነግሩት ሰው ማን ነው? ቀጥሎም ሴሚስተሩ የሚጀምርበትን ቀን ከኮሌጁ ካላንደር ፈልጉ፥ ሰባተኛውን ሳምንት ቁጠሩ፥ በዚያ ሳምንት ሄዶ በር የሚያንኳኳውን ሰው ስም ከስብሰባው ሳትነሡ ጻፉ።