ጌም የሚጫወቱ ልጆች ለምን ሜታል ይወዳሉ? ወላጅን የሚያስጨንቀውና በእውነት ሊያስጨንቀው የሚገባው



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሰሞኑን ተደጋግሞብኛል። «ዶክተር፣ ልጄ ጌም ሲጫወት የሚሰማው ነገር ሙዚቃ አይመስልም፣ ሰው ሲታረድ ነው የሚመስለው። ጤነኛ ነው ትላለህ?» ልጆቹም ይጽፋሉ፤ «ሜታል ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ቤተሰቦቼ ግን ጸበል ሂድ እያሉኝ ነው፣ ችግር አለብኝ እንዴ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሜታል ወይም ፓንክ መውደድ በየትኛውም የአእምሮ ሕመም መመርመሪያ መስፈርት ውስጥ የለም። ከሙዚቃው ጋር ተያይዞ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠይቀው ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ጌምና ከባድ ሙዚቃ እንዴት ተገናኙ የሚለውን እንይ።

መቼም ሁሉም ጌም ተጫዋች ሜታል አይሰማም። ፊፋ ብቻ የሚጫወት ልጅ ስልክ ላይ የምታገኙት ሌላ ዓይነት ዘፈን ነው። ይሄ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ጆሮ የሚለምደው ጌሙ ያመጣለትን ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዱም» የተባለው የተኩስ ጌም ሙዚቃውን ቦቢ ፕሪንስ ሲሠራው የተነሳው ከሄቪ ሜታል ነበር። በ1996 የወጣው «ኩዌክ» ላይ ደግሞ «ናይን ኢንች ኔይልስ» የተባለው ባንድ ተሳተፈ፤ ጌሙ ውስጥ ያለው የምስማር ጥይት ሳጥን ላይ የባንዱ ምልክት አለ። በ1999 «ቶኒ ሆክስ ፕሮ ስኬተር» እንደ ዴድ ኬኔዲስ ያሉ፣ ሬዲዮ እምብዛም የማያጫውታቸውን የፓንክ ባንዶች ሳሎን ድረስ ይዞ ገባ። በ2020 በወጣው «ዱም ኢተርናል» ላይማ የሜታል ድምፃውያን ተሰብስበው በኅብረት የሚጮሁበት ኳየር አለ።

የድሮዎቹም መሣሪያዎች መንገዱን ጠርገዋል። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፑ በአንዴ ማውጣት የሚችለው 3 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያ ኦርኬስትራ አይሠራም፤ የሚሠራው ፈጣን፣ ዜማው ጎላ ያለ፣ ሻከር ያለ ሙዚቃ ነው። እሱን እየሰማ ያደገ ጆሮ የሚያጓራ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲሰማ ብዙም አይደነግጥም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ በ1968 እንዳሳየው ደግሞ አንድን ነገር ደጋግመን ስናገኘው ብቻ እንኳ መውደድ እንጀምራለን። አንድ ደረጃ ለማለፍ መቶ ጊዜ የሞከረ ልጅ ያንን ሙዚቃ መቶ ጊዜ ሰምቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰውነታችን ነው። ተጫዋቹ ጠላት ሲከበው አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል። በዚህ ሰዓት ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን አይሄድም፤ ሰውነቱ ካለበት ፍጥነት ጋር የሚገጥም ነገር ይፈልጋል። በዚያ ላይ የሜታል ግጥም ብዙ ጊዜ አይለይም። አእምሯችን የሚገባውን ንግግር ሲሰማ ሳይፈልግም ይከተለዋል፤ ጩኸቱን ግን እንደ መሣሪያ ድምፅ ያልፈዋል።

ለእኛ አገር ሰው ይሄ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። ቀረርቶና ፉከራ ሥራቸው ምንድን ነው? ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድን ሰው ደም ማሞቅ አይደል? ፎካሪው ሲጮህ «ታሟል» ያለ የለም። ድምፁ ሻካራ መሆኑ ነው የሚያስፈራው ካላችሁም በገናን አስቡት። ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው አውታሩና መቀመጫው መሃል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዝራዋ ነው። (በገናን ከዴዝ ሜታል ጋር አወዳደረ ብላችሁ እንዳትቆጡኝ፤ የማወራው ስለ ድምፅ አፈጣጠር ብቻ ነው።)

«አንደርግራውንድ» የሚባለው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሙዚቃስ? እዚህ ላይ የራሴ ግምት የሚከተለው ነው። ጌም የሚወድ ሰው የተደበቀ በር መፈለግ፣ ከባዱን ነገር ደጋግሞ ሞክሮ መልመድ ያስደስተዋል። ማንም የማያውቀውን ባንድ ፈልጎ ማግኘትም ያው ጨዋታ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድም ሜታል የሚሰማ ልጅ የሌለው ታዳጊ አብረውት ከሚጫወቱት መካከል ሦስት ካገኘ ደግሞ ያ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

«ግን ቁጡ አያደርገውም?» ለሚለው፣ በ2015 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ 39 የከባድ ሙዚቃ አድማጮች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። መጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያወሩ ተደረገ፤ ከዚያ ግማሾቹ የሚወዱትን ከባድ ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ሰሙ፣ ግማሾቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሙዚቃ የሰሙት የልብ ምታቸው ከፍ እንዳለ ቆየ፤ ጥላቻና ብስጭታቸው ግን ልክ ዝም ብለው እንደተቀመጡት ቀነሰ፣ መነቃቃትም ተሰማቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተሠራውም ሙዚቃውን በሚወዱ ሰዎች ላይ ነው። እናትየው ብትሰማው እሷን ያረጋጋታል ማለት አይደለም!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንዲት እናት የ17 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። «ዶክተር፣ እባክህ ይሄን ሙዚቃ ተው በልልኝ» አለችኝ። ስለ ግጥሙ፣ ስለ ቲሸርቱ፣ ስለ ፀጉሩ ብዙ ተወራ። ልጁን ለብቻው ሳናግረው «ማታ ስተኛ ጆሮዬ ጢዝ ይላል፣ ሁለት ወር ሆኖታል» አለኝ። ለማንም አልነገረም፤ ከተናገረ ሄድፎኑን ይወስዱበታላ። ብዙዎቻችን ጆሯችን ሲጮህ «ሰው እያማኝ ነው» ብለን እንተወዋለን። ከሄድፎን በኋላ የሚመጣ ጩኸት ግን የውስጥ ጆሮ አቤቱታ ነው።

በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ95 ዴሲቤል ከሰማችሁ የሳምንቱ ድርሻችሁ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ማታ ማለት ነው!

ሜታልን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ ዝግ የሚልበት ቦታ ስለሌለው ነው፤ ጆሮ አያርፍም። ጌም ሲጨመርበት ተኩሱ፣ ሙዚቃውና የጓደኞች ወሬ እየተሻሙ ቮልዩሙን ወደ ላይ ይገፉታል። በ2024 ከ9 አገሮች 14 ጥናቶችን፣ ከ50,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ወጥቶ ነበር፤ በጌም ማዕከላት ውስጥ ያለው ድምፅ ከ80 እስከ 89 ዴሲቤል ተለክቷል። የሰፈራችሁን ፕሌይስቴሽን ቤት አስቡት።

ምን ይደረግ? ሙዚቃውን አትከልክሉ፤ ቮልዩሙን ከ60 በመቶ አታሳልፉ። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ይሻላል፤ የታክሲና የጄኔሬተር ጩኸት ሲቀንስ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ብዙ ስልኮች ድምፅ ሲበዛ ያስጠነቅቃሉ፤ ማስጠንቀቂያውን አታጥፉት። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ሄድፎኑን አውልቁ።

ሙዚቃውን ትታችሁ የምትከታተሉት ሌላም አለ። ልጁ ጌሙን ማቆም አቅቶት ትምህርቱና እንቅልፉ ተበላሽቶ፣ ይሄም ዓመት ያህል ከቆየ፣ ይህ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ውስጥ ያለ የጌም ሱስ ሊሆን ይችላልና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ ወይም ስለ ሞት ካወራ ግን ቀን አትቁጠሩ፣ ቶሎ ውሰዱት። የሚሰማው መዝሙርም ይሁን ሜታል ለውጥ የለውም።

የጆሮ ጩኸት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሰው «ምን አልክ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ መጠየቅ ከጀመራችሁ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ አድርጉ። በአንድ ጆሮ በድንገት መስማት ከቀነሰ ደግሞ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ቶሎ ሲጀመር የሚጠቅም መድኃኒት አለው።