ለኢፍጣር መጠጥና ለሙሽበክ የሚሆን የስኳር ሽሮፕ አሠራር



ባለፈው ረመዷን የኢፍጣር ዝግጅት ላይ የነበርን ልጆች አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ለማንጎ ጁስ ካፈላነው የስኳር ሽሮፕ የተረፈውን በጄሪካን ዘግተን ዶርም ጥግ አስቀመጥነው። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስንከፍተው አየር እየተነፈሰ ወጣ፤ ላዩ አረፋ ይዟል፣ ሽታው ጠላ ጠላ ይላል። ሁሉንም ደፋነው። ስኳሩ ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ስለነበር እስካሁን ይቆጨናል። ዘንድሮ እንዳይደገም ሥራውን ከሥሩ እንማማረው።

ሽሮፕ ለምን አስፈለገ? ስኳር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ጁስ ላይ በማንኪያ ስንጨምር ብዙው ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል፣ ጠጪውም አልጣፈጠኝም ብሎ ይደግማል። ቀድሞ ከሟሟ ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ቃሉም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ ፈረንጆቹ ሽሮፕ የሚሉት መጠጥ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሸራብ» ወስደው ነው።

ለመጠጥ የሚሆነው እኩል በእኩል ነው፦ 1 ኪሎ ስኳር ለ1 ሊትር ውኃ። ውኃውን አሙቁ፣ ስኳሩን ጨምሩ፣ በመጠነኛ እሳት አማስሉ። የስኳሩ ፍሬ ጠፍቶ ጥርት ሲልና አንዴ ሲፈላ አውርዱት። ቆይቶ ከፈላ ውኃው ይተንና መጠኑ ይዛባል። የሚገኘው 2 ሊትር ሳይሆን 1.6 ሊትር ያህል ነው፤ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብንል ከ50 ብርጭቆ በላይ ያዳርሳል። (ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ስለሆነ የምናፈላው ውጭ ተከራይተው በሚኖሩ ልጆች ቤት ነው። የፈላ ሽሮፕ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከፈላ ውኃ የባሰ ያቃጥላል፤ ተጠንቀቁ።)

ለሙሽበክ ወፍራሙ ይሻላል፤ 2 ኪሎ ስኳር ለ1 ሊትር ውኃ። እዚህ ላይ ችግሩ መልሶ ስኳር መሆኑ ነው። 100 ግራም ውኃ በክፍል ሙቀት የሚይዘው 200 ግራም ያህል ስኳር ስለሆነ ጫፍ ላይ ነን፤ ድስቱ ግድግዳ ላይ የቀረች አንዲት ፍሬ ሁሉንም ልታረጋው ትችላለች። መድኃኒቱ ሎሚ ነው። የአንድ ሎሚ ግማሽ ጭማቂ አብሮ ሲፈላ አሲዱ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል፤ እነዚህ ሲቀላቀሉበት ሽሮፑ በቀላሉ አይረጋም። የኬሚስትሪ ልጆች ይህን ክፍል ውስጥ ተምረውታል፣ ድስት ላይ ግን ያዩት ጥቂቶች ናቸው።

ቪዲዮ እያዩ የሚሠሩ እህቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በቪዲዮው «110 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ከተባለ እኛ ዘንድ 103 ላይ ማውረድ አለብን፤ 110 እስኪሞላ ከጠበቅን ከረሜላ ይሆናል። ቴርሞሜትር ለሌለን ጣት ይበቃል፦ ጠብታውን ሳህን ላይ አቀዝቅዞ በሁለት ጣት መሐል ሲሳብ ቀጭን ክር ከሠራ ደርሷል። ሙሽበኩ ትኩስ፣ ሽሮፑ ደግሞ ለብ ያለ ይሁን። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ሙሽበኩ ይልፈሰፈሳል። ኬክ ላይ የሚቀባው ቀጭኑ ነው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ።

ወደ ጄሪካኑ እንመለስ። ቀጭን ሽሮፕ ለእርሾ ጥሩ ምግብ ነው። እኛ ደግሞ ጄሪካኑን በፈላ ውኃ አላጠብነውም፣ ጁስ የነካውን ጭልፋም መልሰን እየነከርን ነበር። ብርዝ ሲጠጣ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ብርዝ ትኩሱን ይጠጣል እንጂ ከከረመ ወደ ጠጅነት ያዘነብላል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የተዘፈዘፈላቸውን ዘቢብ በዕለቱ፣ በማግስቱና እስከ ሦስተኛው ቀን ምሽት ይጠጡ እንደነበር፣ ከዚያ የተረፈውን ለሌላ እንዲሰጥ ወይም እንዲደፋ ያዝዙ እንደነበር ኢብኑ ዐባስ ያስተላለፉት ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። አረፋና ሽታ የያዘውን ደግመን አፍልተን እናድነው ማለት ስለዚህ አይቻልም፤ ሳንቀምሰው ይደፋል።

ፍሪጅ በሌለበት ቀጭኑን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ አፍሉ። በፈላ ውኃ የታጠበና የደረቀ ጠርሙስ፣ ደረቅ ጭልፋ። ፍሪጅ ካለ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ወፍራሙ ከዚያም ያልፋል።

የወላይታን ዝንጅብል ሳንጠቅስ አንለፍ። ከቦሎሶ ቦምቤ በኩል የሚመጣውን እርጥብ ዝንጅብል ቀጥቅጣችሁ ከእሳት በወረደ ትኩስ ሽሮፕ ውስጥ 20 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩት፣ አጥሉት፣ በቀዝቃዛ ውኃና በሎሚ በጥብጡት። ዝንጅብል የገባበት ግን ለማግስቱ አይደር፤ በዕለቱ ጨርሱት።