የዶሮ ደረት ለምን ነጣ?

ዛሬ በሳይንስ ዓምዳችን ስለ እንስሳት ጡንቻና አካሄድ ጽሑፍ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ስለወደድኩት ብቻ አይደለም፤ 2 ማርክ ያጣሁበት ስለሆነ ነው። በዚያ 2 ማርክ ምክንያት በመጀመሪያው ሴሚስተር 2ኛ ወጣሁ። 1ኛ የወጣው ልጅ ይህን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ ይሳቅ።

ጥያቄው «ዋሊያ ገደል ላይ መሄድ የቻለው እንዴት ነው?» የሚል ነበር። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዋሊያ ገደል ለገደል ሲሄድ ሲሄድ እግሩ ጠነከረ፤ ጠንካራውን እግር ለልጆቹ አወረሰ።» ቲቸር በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገው መለሱልኝ። ወረቀቴን ይዤ ስታፍ ድረስ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ስፖርት የሠራ ሰው ጡንቻው ይጠነክር የለ እንዴ?» አልኳቸው።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ።

«ድንጋይ ጠራቢ ነው።»

«ክንዳቸው እንዴት ነው?»

«እንደ ግንድ ነው።»

«ያንቺስ?»

ክንዴን አየሁት። እጅጌዬ ውስጥ ጠፍቷል። እዚያ የነበሩት መምህራን ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

የአባቴ ክንድ የወፈረው ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲያነሳ ስለኖረ ነው። ጡንቻ የተሠራው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ነው፤ ሥራ ሲበዛባቸው ክሮቹ ይወፍራሉ። ያ ግን የአባቴ ብቻ ነው። ልጅ የሚወርሰው በጂን ውስጥ ያለውን ነው፤ መዶሻ ማንሳት ደግሞ ጂን ውስጥ አይገባም። ቢገባማ ኖሮ እኔም ድንጋይ እፈልጥ ነበር።

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ትንሽ አጽናናኝ። እኔ የጻፍኩትን የመሰለ ሐሳብ ላማርክ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ በ1809 በፈረንጆች አቆጣጠር በመጽሐፍ አውጥቶት ነበር። ስለዚህ ብቻዬን አልተሳሳትኩም ማለት ነው። ይህንን ለቲቸር ነግሬአቸዋለሁ፤ ማርኩን ግን አልመለሱልኝም። 50 ዓመት ቆይቶ በ1859 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን የተሻለውን መልስ ጻፈ። የተፈጥሮ ምርጫ ይባላል።

እስቲ በዋሊያው እንየው። ዋሊያ በዱር የሚገኘው በሀገራችን በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። የዋሊያ ቅድመ አያቶች ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዱ ግልገል ሰኮናው ድንጋይ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ትንሽ ያዳልጠዋል። ይህ ልዩነት አብሯቸው የተወለደ እንጂ በልምምድ ያመጡት አይደለም። ነብር ሲመጣ ሁሉም ወደ ገደሉ ይሮጣሉ። የሚያዳልጠው ይወድቃል፤ ሳይወልድ ይሞታል። የማያዳልጠው ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ልጆቹም የሱን ዓይነት ሰኮና ይዘው ይወለዳሉ። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ዛሬ የምናየው ዋሊያ ተገኘ። ሰኮናው ዙሪያው ደረቅና ጠንካራ ሲሆን ውስጡ ግን ለስለስ ብሎ ድንጋዩን እንደ ጎማ ጫማ ይይዛል። ማንም ተለማምዶ አላመጣውም፤ ገደሉ ራሱ ነው የመረጠው። እኔ እዚህ ላይ ለሚወድቀው ግልገል አዝኛለሁ። ጥፋቱ ምንድነው?

አሁን ወደ ርዕሳችን ወደ ዶሮው ልመለስ። ለፋሲካ ዋዜማ አባቴ የገዛው አውራ ዶሮ ከእጃችን አመለጠ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ስናባርረው መጀመሪያ ቱር ብሎ አጥሩ ላይ ወጣ። እንደገና ስንደርስበት ወደ ጎረቤት ጣሪያ ሊበር ሞከረ፤ አልደረሰም፣ ቁጥቋጦው ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ክንፉን አራገበ እንጂ ከመሬት አልተነሳም። እግሩ ግን መች ደከመ! ሰፈሩን ሙሉ አዞረን።

ማታ እማዬ ዶሮውን ስትበልት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። የደረቱ ሥጋ ነጣ ያለ ነው፤ የጭኑ ግን ጠቆር ይላል። «እማዬ፣ ይሄ ለምንድነው?» ብላት «እግዜር ሲፈጥረው ነው፤ ሎሚውን አቀብይኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጡንቻ ክሮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀዩ ክር ብዙ የደም ሥር አለው፤ ውስጡም ማዮግሎቢን የሚባል ኦክስጅን የሚይዝ ቀይ ንጥረ ነገር ሞልቶበታል። ይህ ክር ኦክስጅን እየተጠቀመ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ቶሎ ግን አይደክምም። ነጩ ክር ማዮግሎቢኑ ጥቂት ነው። በውስጡ ያጠራቀመውን ስኳር ያለ ኦክስጅን በፍጥነት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ኃይለኛና ፈጣን ነው፤ ግን ወዲያው ይዝላል። የኛ አውራ ዶሮ ሦስተኛው ላይ መብረር ያቃተው ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ እየጫረ የሚዞርበት እግሩ ግን ቀይ ክር ስለሚበዛበት እኛን አደከመን።

ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ፣ የቤት ዶሮ ቅድመ አያት የእስያ ጫካ ዶሮ ነው። ይህ የዱር ዶሮ ውሎው መሬት ላይ ነው። አውሬ ሲመጣበት ብቻ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሲመሽም ዛፍ ላይ ያድራል። ሩቅ መብረር አያስፈልገውም፤ ከቀበሮ አፍ የሚያወጣው አንዷ ፈጣን በረራ ናት። ርግብ ግን ተቃራኒው ነው። እኛ ርግብ አንበላም፤ ነገር ግን ድመታችን አንድ ቀን ይዛ መጥታ አይቻለሁ። ደረቷ ጉበት ይመስል ጥቁር ቀይ ነው። ርግብ ሳትደክም ረጅም መንገድ ትበራለች።

ዓሣ የምትበሉ ልጆች ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩ። ሥጋው አብዛኛው ነጭ ነው፤ ከቆዳው ሥር በጎኑ በኩል ግን ቀይ ወይም ቡናማ መስመር አለ። ዓሣው ዝም ብሎ ሲንሸራሸር የሚዋኘው በዚያች በቀይዋ መስመር ነው። ትልቅ ዓሣ ሲያባርረው ነው ነጩ ጡንቻ የሚሠራው። በሰው ላይ ሁለቱ ዓይነት ክሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። የረጅም ርቀት ሯጮች እግር ላይ ቀስ ብሎ የሚሠራው፣ የ100 ሜትር ሯጮች እግር ላይ ደግሞ ፈጣኑ ይበዛል።

የጡንቻው ዓይነት ብቻ አይደለም፣ ቦታውም ወሳኝ ነው። የአህያን የፊት እግር ከጉልበቷ በታች ዳስሱ። (ከጎን ሆናችሁ እንጂ ከኋላዋ አይደለም! ወንድሜ ይመስክር።) እዚያ አጥንትና ጅማት እንጂ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ጡንቻዋ ሁሉ ላይ ነው፣ ትከሻዋና ታፋዋ ጋ። ምክንያቱን በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ዱላ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩና አወዛውዙት። ከዚያ ድንጋዩን ወደ እጃችሁ አስጠግታችሁ እሰሩት። ሁለተኛው በጣም ይቀላል። በሜዳ የሚሮጡ እንስሳት እግራቸው ከታች የቀጠነው ለዚህ ነው። ጅማቱም እግሩ መሬት ሲረግጥ ይለጠጥና እንደ ላስቲክ መልሶ ስለሚወረውር ጉልበት ይቆጥባል።

ፍልፈልን ደግሞ አስቡት። ከመሬት በታች ሩጫ ምን ያደርግለታል? እግሩ አጭር ነው። አፈሩን የሚቆፍረው በፊት ጥርሶቹ ስለሆነ ትልቁ ጡንቻው ያለው መንጋጋው ላይ ነው። ጥርሶቹም ከከንፈሩ ውጭ ስለሆኑ አፉን ዘግቶ መቆፈር ይችላል፤ አፈር አይበላም። አያቴ ድንቿን ስለሚጨርስባት ስሙ እንዲነሳ አትወድም፤ እኔ ግን አደነቅኩት።

ሰጎንስ? የዶሮ ደረት አጥንት መሐሉ ላይ ወጣ ያለ ስለት መሰል አጥንት አለው፤ የክንፍ ጡንቻ የሚታሰረው እዚያ ነው። ሰጎን ይህ የላትም፣ ደረቷ ጠፍጣፋ ነው። እዚህ ጋ «ስላልበረረች ጠፋባት» ልል ነበር፤ ግን 2 ማርኬ ትዝ አለኝ። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ጡንቻ ምግብ ይፈጃል። በሩጫ ማምለጥ ለሚችል ወፍ ትልቅ የደረት ጡንቻ ኪሳራ ነው። ትንሽ የደረት ጡንቻና ጠንካራ እግር ይዘው የተወለዱት ምግባቸውን ስለቆጠቡ ብዙ ወለዱ፤ የነሱ ዘር በዛ።

በመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። አውሮፓ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በረው ወደ ሀገራችን ሐይቆች የሚመጡ የዱር ዳክዬዎች አሉ። የነዚህ ዳክዬዎች የደረት ሥጋ ምን ዓይነት ቀለም ያለው ይመስላችኋል? ለምን? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። በትክክል የመለሱ ተማሪዎች ስም ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ይነበባል። 1ኛ የወጣው ልጅም መሞከር ይችላል።