የመጠጥ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ዝቅ ይበል ወይስ ባለበት ይቆይ?

በመኝታ ክፍልም ሆነ በሻይ ቤት ይህ ጉዳይ በተነሣ ቍጥር አንድ አነጋገር ይሰማል። «በ18 ዓመቱ የአገር መሪ ለመምረጥ የበቃ ሰው፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ ለመግዛት እንዴት አይበቃም?» ይባላል። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ጭብጨባም አያጣም። ጭብጨባ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልምና ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው አሰብን። ሕጉ ከማንም ይልቅ የሚነካው እኛን ነው፤ ከ18 እስከ 21 ያለው ዕድሜ ማለት ከሞላ ጐደል የዩኒቨርስቲ ዕድሜ ማለት ነውና።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የጠፋውም በዚሁ አዋጅ የተነሣ ነው።

በመጀመሪያ የመብቱን ክርክር እንውሰድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ሰው አካለ መጠን እንደ ደረሰ ይቈጥረዋል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ18 ዓመት የመምረጥን መብት ይሰጣል። ነገር ግን የምርጫው ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 1162/2011፣ ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ 21 ዓመት ይጠይቃል። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21! ይህ ንቀት ነው ብሎ ሰልፍ የወጣ ተማሪ ግን እስካሁን አልሰማንም። እንግዲህ ሕግ ለየጉዳዩ የየራሱን ዕድሜ ሊቈርጥ እንደሚችል ሳናጕረመርም ተቀብለናል ማለት ነው። የሚቀረው ጥያቄ፣ ወሰኑ ማንን ከምን ይጠብቃል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ አሜሪካኖች ብዙ ፈትነው ያዩት ነገር አለ (ዓመታቱን በነሱው አቈጣጠር እንጽፋለን)። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የ18 ዓመት ልጅ ለጦር ሜዳ እየተመለመለ ድምፅ አይሰጥም መባሉ ብዙ ሰው አስቈጣ፤ በ1971 በሕገ መንግሥታቸው 26ኛ ማሻሻያ የመምረጫው ዕድሜ ወደ 18 ወረደ። ብዙዎቹ ግዛቶች በዚያው ስሜት የመጠጡንም ዕድሜ ዝቅ አደረጉ። ብዙም ሳይቈይ በመኪና አደጋ የሚሞቱት ወጣቶች በዙ። የወሰኑ መለያየት ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ በገዛ ግዛቱ የተከለከለው ጐረምሳ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ጐረቤት ግዛት ይሻገራል፤ ጠጥቶ በሌሊት ይመለሳል፤ አንዳንዱም ሳይመለስ ይቀራል። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984 የፈረሙት ሕግ እንቢ ካለው ግዛት ላይ የአውራ ጐዳና ገንዘብ ይቀንስ ነበርና፣ ግዛቶቹ ሁሉ ወደ 21 ተመለሱ። ሳውዝ ዳኮታ ብትከራከርም በ1987 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 ተረታች። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመጠጥ ዕድሜ ሕጎች ከ1975 እስከ 2017 ከ31,000 በላይ ሕይወት እንዳዳኑ ገምቷል።

በ2008 ደግሞ ከ100 በላይ የሆኑ የኰሌጅ ፕሬዚዳንቶች «ሕጉ እንደገና ይታሰብበት» ብለው ፈረሙ። እንቅስቃሴያቸውን አሜቲስት አሉት፤ ስሙ በግሪክኛ «ያልሰከረ» እንደ ማለት ነው፤ የጥንት ግሪኮች ዕንቊው ከስካር ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበርና። (የቋንቋ ተማሪዎች ስለሆንን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።) ክልከላው ተማሪውን ከሰው ዓይን አራቀው እንጂ ከመጠጥ አላራቀውም፤ በተዘጋ ክፍል ተደብቆ ባንድ ጊዜ ብዙ ይጋታል፤ ክርክራቸው ይህ ነበር። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ሕጉ ግን አልተለወጠም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዳለ ለእኛ ይሠራልን? አይሠራም። ከመካከላችን መኪና የሚነዳ ስንት ነው? ደግሞም የእኛ አገር መጠጥ ሁሉ ከፋብሪካ አይወጣም፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ጠጁ ይጣላል፣ አረቄው በየቤቱ ይወጣል። ጠላ ቤት ገብቶ የልደት ቀኑን የተጠየቀ ሰው ካለ ይንገረን። በልጅነቱ ለበዓል ቅራሪ ያልቀመሰስ ስንቱ ነው? በአገር ቤት የሚገታን የወላጅና የጐረቤት ዓይን ነበር። ያ ዓይን ዩኒቨርስቲ በገባን ዕለት ከአውቶቡስ መናኸሪያው አልፎ አይከተለንም። ከቤቱ ርቆ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አድሮ፣ ጕብዝናውን በብርጭቆ ለሚለኩበት አዲስ ተማሪ «ሕግ ይከለክለኛል» የሚለው ቃል ትንሽ ነገር አይደለም። ፈሪ ሳይባል እንቢ ለማለት ያስችለዋል።

ከዚህም የሚከብድ ምክንያት አለ። መጠጥ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። የ21 ዓመቱ የሚጋብዘው የ19 ዓመት ጓደኛውን ነው፤ ወሰኑ 18 ቢሆን የ18 ዓመቱ የሚጋብዘው የ16 ዓመት ጓደኛውን ይሆናል። በአገራችን 18 ዓመት የሞላው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ለእኛ መብት ብለን የምንጠይቀው ጠርሙስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ 21 ባለበት ይቆይ እንላለን።

እንደ ጀርመን ለቢራና ለወይን 16፣ ለብርቱ መጠጥ 18 ተብሎ በመጠጡ ኀይል ይከፈል የሚሉ ጓደኞች አሉን። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ሊይዝ የሚችል ዳግም አረቄ ከጠላ ጋር ባንድ ሚዛን መቀመጡ እኛንም አያሳምነንም። ሆኖም አንዱን ቍጥር እንኳ የሚጠይቅ ሻጭ በጠፋበት አገር ሁለት ቍጥር ማውጣት ትርፉ ምንድን ነው? አስቀድሞ በግቢው ዙሪያ ያሉት ግሮሰሪዎች መታወቂያ መጠየቅ ይጀምሩ። የተማሪዎች ማኅበራችንም በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ማታ በግድ ማጠጣትን ይከልክል፤ ለዚህ የማንንም አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም።