መንገድህን ምረጥና ተነሣ!

«በእግሬ ምድረ ከብድ አቦ እሄዳለሁ» ማለት ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?

ዘንድሮ ትሄዳለህ። በቃ!

አታት ነህ እንበል። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው በወልቂጤና በወሊሶ እስከ ዓለም ገና ይዘልቅና በመልካ ቁንጥሬ፣ በጢያ ተመልሶ ይወርዳል። አስፋልት ነው፤ ሻይ ቤቱም አልጋውም አያጣህም። ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው!

ሁለተኛው በጉብሬ፣ በአገና አድርጎ የጉራጌን ተራራ ይሻገርና ቡታጅራ ያወርድሃል። ከዚያ በአዲስ አበባው መንገድ ምድረ ከብድ ወዳለበት ወደ ሶዶ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ የተራራውን ያዝ። በጣም ያጥራል፤ የጭነት መኪናም ጆሮህ ሥር አያጓራም። ብቻ አትናቀው። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ጋቢህን እንዳትረሳ።

መንገድ የሚመረጠው በኪሎ ሜትር ይመስልሃል? በውሃና በማደሪያ ነው!

ጎግል ማፕህን ተመልከት፣ ጥሩ ነው። ግን ገበያ ውጣና ከዚያ ወገን የመጣ ነጋዴ ጠይቅ። ምንጩ የት ነው? በጋ ላይ ይደርቃል? ሲመሽ የሚያሳድረው የትኛው ደብር ነው? ይህን ስልክህ አይነግርህም። ያገኘኸውን ጻፍ። በሁለት ማደሪያ መካከል ያለው ርቀት ከአቅምህ በላይ ከሆነ ያ መንገድ ያንተ አይደለም።

መቼ? የአቦ ንግሥ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው። መጋቢት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ግን ፀሐዩ አለ፣ ሁልጊዜም ዐቢይ ጾም ነው። ጀማሪ ነህ? ጥቅምትን ምረጥ። ጭቃ ይኖራል፤ ምንጩ ግን ሙሉ ነው።

አዲስ ጫማ ገዝተህ በዚያው ልትወጣ ነው? ተው! ተረከዝህ ገና ጉብሬ ሳትደርስ ውሃ ይቋጥራል። ያረጀውን፣ እግርህን የለመደውን አድርግ። ካልሲ ሁለት። በሶ፣ ቆሎ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ። ሌላው ሸክም ነው። ብቻህንም አትውጣ።

ጉልበትህ ዳገት አይችልም? እስከ ቡታጅራ በመኪና ሂድና ከዚያ ጀምር። ምን ያሳፍራል? ስፔን፣ ሳንቲያጎ የሚሄዱት ተሳላሚዎች እንኳ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ከሄዱ የምስክር ወረቀታቸውን ይቀበላሉ።

አሁን ልምምድ! ባጃጁን እርሳው። ቅዳሜ ማለዳ ከአታት ወልቂጤ በእግርህ ግባ። ስትመለስ ሚኒባስ ተፈቅዶልሃል።