ጋቢውን ማን ሠራው?

ከሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቻችሁ አንዱ በወረቀት ጥያቄ ጽፎ ሰጥቶኛል። «የአያቶቻችንን ልብስ መልበስ ያጸድቃል? የዘመኑን ሱሪ መልበስስ ኃጢአት ነው?» ይላል። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን እንደ ሸማ ነው፤ ሳይዘረጋ ጥለቱ አይታይም። ስለዚህ ቀስ እያልን እንዘርጋው።

ጥያቄውን ምን እንዳመጣው አውቃለሁ። ሞጣም ሆነ ቢቸና ጥምቀት ወይም ሠርግ ሲደርስ ወጣቱ አረንጓዴውን ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ይወጣል። አባቶቻችን ቁምጣውን የለበሱት ለሥራ ስለሚመች ነው፤ ጭቃ አይዘውም፣ ወንዝ ሲሻገሩ ጠቅልሉኝ አይልም። ከላይ ኮት ይደርቡበታል፣ ከእግር ኮንጎ ጫማ ወይም በረባሶ ያደርጋሉ። ከታች ቁምጣ፣ ከላይ ኮት! የሌላ አገር ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ለጎጃም ገበሬ ግን ሙሉ ልብስ ነው። ከተማ የገባው ልጅ ትናንት ያፍርበት የነበረውን ዛሬ ፎቶ ሊነሣበት ይለብሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የ1960ዎቹን ቤልቦተምና ሰፊ ኮሌታ ከሰልባጅ ተራ ፈልጎ የሚለብስ አለ፤ «ቪንቴጅ» ይለዋል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። በእነሱ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የለንደን ወጣቶች በንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘመን ይለበስ የነበረውን ረጅም ኮት መልሰው አመጡና «ቴዲ ቦይስ» ተባሉ። ቴዲ የኤድዋርድ ቁልምጫ ነው። ያለፈውን ልብስ መናፈቅ እንግዲህ የእናንተ ፈሊጥ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። አባቶች እንደሚያስተምሩን አዳም ከመውደቁ በፊት የብርሃን ልብስ ነበረው። ሲበድል ጸጋው ተገፈፈ፤ ዕርቃኑን አየና የበለስ ቅጠል ሰፋ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ታገኙታላችሁ። ሰው በእጁ የሠራው የመጀመሪያ ልብስ እንግዲህ የኀፍረት ልብስ ነው። ሁለተኛውን፣ የቁርበቱን ልብስ፣ ያለበሰው ግን እግዚአብሔር ራሱ ነው። ስለዚህ ልብስ ሁለት ነገር ያስታውሰናል፤ ያጣነውን ክብርና የተደረገልንን ምሕረት። ያጣነውን ብቻ የሚያስብ ሰው ልብስን ሁሉ ይጸየፋል። ምሕረቱን ረስቶ ጨርቁን ብቻ የሚያይ ደግሞ በልብሱ ይታበያል። የተገፈፈው ጸጋ የተመለሰልን በጥምቀት ነው፤ ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስቶስን ይለብሳሉ። ከዚያ ወዲያ የሚለበስ ጨርቅ ሁሉ፣ የአያትም ይሁን የሰልባጅ፣ አያጸድቅም። ሸማ ስላረጀ ቅዱስ አይሆንም።

ቁርበትን ካነሣን አይቀር፣ እስኪ ደበሎን አስቡት። ከእናንተ ከቢቸና ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። በጎጃም የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አቁማዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ለምኖ ነው የተማረው። ከእርሱ በላይ የአያት ልብስ የለበሰ ማን አለ? ደበሎን ግን ማንም ፋሽን አላደረገውም። ለሠርግ የሚከራየው ካባና ጃኖ ነው። ባለ ሰፊ ቀይ ጥለቱ ጃኖ በቀድሞው ዘመን የባለ ማዕረግ ልብስ ነበር። የአብዛኞቻችን አያት በሩቁ አየው እንጂ አልለበሰውም። «የአያቶቼን ልብስ ለበስኩ» ስትሉ የማንን አያት ማለታችሁ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ካባን መንቀፌ አይደለም፤ ሙሽሮች በተክሊል ሲጋቡ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታለብሳቸዋለች። ያ ግን ለምስጢሩ ክብር ነው፤ ለጉራ አይደለም።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ልብሱ ተመልሷል፤ አለባበሱ ግን አልተመለሰም። አያቶቻችን በአንዲት ኩታ ብዙ ነገር ይናገሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሁለቱን ጫፍ በደረታቸው ላይ አመሳቅለው በትከሻቸው ይጥሉታል፤ መስቀለኛ ማለት እርሱ ነው። ሰው የሞተበት አዘቅዝቆ ይለብሳል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና ኀዘኑ ከሩቅ ይታወቃል። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል፤ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስረዋል። አሁን ግን ለፎቶ ሲሆን እንዲያ አሳምሮ የጣለውን ጋቢ ለቅዳሴ እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የሚመጣ ወጣት አያለሁ። ክፋት የለበትም፤ ያስተማረው ሰው የለም። እኛ ታላላቆቹ አላስተማርንም።

ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ወንድሞቼ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። እናት ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ ባዘቶውን አመልማሎ ታደርጋለች፣ ከዚያ ስንት ምሽት በእንዝርት ስትፈትል ታመሻለች። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ፣ በድሩ መካከል መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ እየወረወረ ማጉን ያስገባል። ልጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ሸማኔ ደጅ ሳልፍ «ቁጢት በጣሽ!» ብለን ሰድበነው ሮጠናል። ቀና ብሎ አየን እንጂ አልተናገረንም። በማግሥቱ እሑድ እሱ የሠራውን ነጠላ ለብሼ አስቀደስሁ። እናቴ ከእርሱ ማሠራቷን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ደንግገው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላ እኔ ዘንድ ደርሷል። ሸማኔውን ቡዳ ነው እያለ ከማኅበሩ የሚያርቅ፣ ልጁን ለልጁ የማይሰጥ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። እርሱም ለጥምቀት ጋቢ ይለብሳል።

ይህን በምን እንመዝነው? የብሥራትን ሥዕል ተመልከቱ። መልአኩ ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን በእጇ ፈትል ይዛለች። ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ ሐርና ወርቅ ስትፈትል ብሥራቱ ደረሰላት ብለው አባቶቻችን ያስተምራሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ አደረ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ወታደሮቹ እንዳይቀዱት ዕጣ የተጣጣሉበት የጌታ ቀሚስ ስፌት አልነበረውም፤ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ የተሠራ ነበር። የባለ እጅ ሥራ ነዋ! አምላክ ሰው ሆኖ የሸማኔን ሥራ ከለበሰ፣ ሸማኔን የሚንቅ ክርስቲያን የሚያመልከው ማንን ነው? ጥለቱን እያደነቁ የሠሪውን እጅ መናቅ ኃጢአት ነው። የጥያቄህን መልስ ከፈለግህ ወንድሜ፣ በልብስ ጉዳይ በአገራችን የማውቀው ትልቁ ኃጢአት ይኸው ነው።

ስለ ዘመኑ ሱሪ የጠየቅኸውን በአጭሩ ልመልስ፤ ሱሪው ኃጢአት አይደለም። ወንድ የወንድን ይልበስ፣ ገላውን ይሸፍን፣ ያልከፈለውን ዕዳ ተሸክሞ አይልበስ። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 እንዳስጠነቀቀን፣ በጉባኤያችን ያማረ የለበሰውን ከፊት፣ ያደፈ የለበሰውን ከደጅ አናስቀምጥ። ሁለት ያለው ለሌለው ይስጥ ያለው ዮሐንስ መጥምቅ ነው፤ የምናከብረው ጥምቀትም በእርሱ እጅ የተፈጸመ ነው።

ለመጪው ጥምቀት ጋቢ የምታሠሩ ካላችሁ ሸማኔው ቤት ራሳችሁ ሂዱ። ዋጋውን እስኪያፍር ድረስ አትከራከሩት። ስሙን ጠይቁት፣ የፈተለችውንም ሴት ስም ጠይቁ፣ የሁለቱንም ስም ይዛችሁልኝ ኑ፤ በሚቀጥለው ጉባኤ በጸሎት እናስባቸዋለን።